ፍየልና የጓሮ አትክልት፦ ስለ አጥርና ስለ ጉርብትና



በዚህ እትም በትምህርት ዓምዳችን የምንመለከተው ርዕስ ከእናንተ በተደጋጋሚ የሚቀርብልን ጥያቄ ነው። ጥያቄው በአጭሩ «የተከልነውን አትክልት ከፍየል እንዴት እናድን?» የሚል ነው። አባቶቻችን «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ሲሉ የተረቱት ለሰው ጠባይ ቢሆንም፣ እዚህ ካኩማ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ተረቱን በዓይኑ ያየዋል። የሁለት ወር ድካም በ10 ደቂቃ ውስጥ አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የራሽን መጠን በእጅጉ ከተቀነሰ ወዲህ፣ በየቤቱ ደጃፍ የምትታየው አንዲት መደብ ጎመን ለብዙ ቤተሰብ የወጥ ማባያ ብቻ ሳትሆን ወጡ ራሱ ሆናለች። ልጆች ከበቆሎና ከባቄላ ሌላ አረንጓዴ ነገር የሚቀምሱት ከእሷ ነው። ስለዚህ አትክልቱን ማዳን ማለት ምግብ ማዳን ማለት ነው። ነገር ግን አትክልቱን ስናድን ሌላ ነገር እንዳናጠፋ መጠንቀቅ አለብን። ይህን ደግሞ የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ጥፋት ነው።

ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣን

እኛ መምህራንና ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን ግቢ 4 መደብ ጎመን፣ 2 መደብ ቆስጣ፣ ጥቂት ቃሪያና ባሚያ ተክለን ነበር። የእጥበት ውኃ ከየቤታችን እያጠራቀምን፣ በጀሪካን እየተሸከምን ለስምንት ሳምንት አጠጣን። ዙሪያውን በእሾህ አጥረናል፤ በር ግን አልሠራንለትም። በበሩ ፈንታ አንድ የእሾህ ቅርንጫፍ እየጎተትን እንዘጋና እንከፍት ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ቅርንጫፉን ሳይመልሰው ሄደ። ስንመለስ 7 ፍየሎች መደቡ መካከል ቆመው አገኘናቸው።

ከእኛ አንዱ በንዴት ድንጋይ አንሥቶ ወረወረ። ድንጋዩ ያገኘው ያረገዘች ፍየል ነበረች። በማግሥቱ ሞተች።

ባለቤቷ አንዲት አረጋዊት የቱርካና እናት ነበሩ። ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር መጥተው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ለሦስት ቀን ያህል በዚያ መንገድ ለማለፍ የደፈረ መምህር አልነበረም። በዚያ በኩል የሚመጡ ተማሪዎችም ከትምህርት ቀሩ። በመጨረሻ የብሎክ መሪዎቻችንና የቱርካና ሽማግሌዎች በግራር ጥላ ሥር አስቀመጡን። እናቲቱ በስዋሂሊ አስተርጓሚ እንዲህ አሉን፤ «በድርቁ መንጋዬ ሲያልቅ የተረፈችኝ እሷ ነበረች። ወተቷን የልጅ ልጆቼ ይጠጡ ነበር። ልጆቻችሁ ጎመን አጡ፤ የእኔ ልጆች ደግሞ ወተት አጡ።» ቀጥለው አንድ ጥያቄ ጠየቁን፤ «ፍየል ክፍት በር ካየች ትገባለች። በሩን ክፍት የተወው ማን ነው?»

መልስ አልነበረንም። ከኢንሴንቲቫችን አዋጥተን አንዲት እናት ፍየል ከነግልገሏ ገዝተን ካስን። ዋጋው የአንድ ዓመት ጎመን ይገዛ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው አጥርን እንደ ትምህርት ቁጭ ብለን ያጠናነው። ያገኘነውን ከዚህ በታች በተራ እናቀርባለን።

1ኛ/ ፍየልን ማወቅ

ማንኛውንም እንስሳ ለመከላከል በመጀመሪያ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ የቀድሞ ባልደረባችን የሪሴትልመንት ዕድል አግኝቶ ወደ አሜሪካ ሄዶ በቨርጂኒያ ይኖራል። በስልክ ስናወራው እሱም የተከለውን ጎመን አጋዘን እየበላ እንዳስቸገረው ነገረን። በዚያ አገር ሰፈሮች የሚገባው ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ከ2 ሜትር በላይ የሚዘል በመሆኑ፣ የሚመከረው የአጥር ቁመት 2 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኛም ይህን ሰምተን ከፍ ያለ አጥር ብንሠራ ልፋታችን በከንቱ በሆነ ነበር። ምክንያቱም ፍየልና አጋዘን አንድ አይደሉም። አጋዘን በላይ ይዘላል፤ ፍየል ግን ከመዝለሏ በፊት ትገፋለች፣ ትወጣለች፣ በታች ትሾልካለች። ስለዚህ ለአጋዘን ቁመት፣ ለፍየል ግን ጥንካሬና የታችኛው ክፍል ይበልጣል።

ስለ ፍየል ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ ፍየል እንደ በግና እንደ ከብት ከመሬት ሣር የምትግጥ ብቻ አይደለችም። ይበልጥ የምትወደው ቅጠል መቀንጠብ ነው። በኋላ እግሮቿ ቆማ እስከ 2 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለ ቅጠል ልትደርስበት ትችላለች። ስለዚህ በጆንያ የተተከለ ጎመን ከፍ ስላለ ብቻ አይድንም።

ለ/ ፍየል በላይኛው መንጋጋዋ ፊት ጥርስ የላትም። በከንፈሯና በምላሷ ይዛ፣ በታችኛው ጥርሷ ጨምቃ ትነጭለዋለች። በዚህ ምክንያት ለጋ ችግኝ ከነሥሩ ይነቀላል። የተበላ ጎመን እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ የተነቀለ ግን ጠፍቷል።

ሐ/ ፍየል ትማራለች። አንድ ጊዜ የቀመሰችበትን ቦታ አትረሳም፤ በማግሥቱ ጓደኞቿን አስከትላ ትመለሳለች። ስለዚህ አጥር የሚሠራው ችግኙ ከመተከሉ በፊት ነው እንጂ ከተበላ በኋላ አይደለም።

መ/ ፍየል ማስፈራሪያ ትለምዳለች። ሰው የሚመስል ማስፈራሪያ ወይም የሚንቀጫቀጭ ቆርቆሮ ለጥቂት ቀን ቢያስደነግጣት፣ ጉዳት እንደሌለው ስታውቅ አጠገቡ ቆማ ትበላለች።

ሠ/ ሰዓት አላት። ጠዋት ወደ ግጦሽ ስትወጣ፣ ቀትር ላይ እረኛው ጥላ ሲፈልግ፣ ማታም ስትመለስ በካምፑ መካከል ታልፋለች። በእነዚህ ሦስት ሰዓቶች በሩ መዘጋቱን ማየት ግማሹን ሥራ መሥራት ነው።

ቤታችሁ በካምፑ ዳር፣ ቁጥቋጦ አጠገብ ከሆነ ደግሞ እንሹም ልትመጣ ትችላለች። እንሹ ክብደቷ 5 ኪሎ ገደማ የሆነች ትንሽ የዱር እንስሳ ናት፤ ማታና ንጋት ላይ ትወጣለች፣ በጠባብ ቀዳዳም ትሾልካለች። እንሹን ማጥመድ ወይም መግደል አይፈቀድም። በኬንያ አደን ከ1977 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተከለከለ ስለሆነ፣ ወጥመድ የዘረጋ ሰው ሕግ ይጠብቀዋል።

2ኛ/ የአጥሩ አሠራር

ለአንድ ቤተሰብ ጓሮ የሚበቃ አጥር ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ማለትም 3 ክንድ ያህል ይሁን። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

ሀ/ በዙሪያው አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ። ቋሚዎቹን በቦዩ ውስጥ በየ1 ሜትር ተኩሉ ትከሉ፤ ሲተከሉም ከቦዩ በታች ሌላ ሁለት ስንዝር ይግቡ። ምስጥ እንዳይበላቸው የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ጠብሶ ማጥቆር ለጥቂት ጊዜ ያዘገየዋል፤ ጨርሶ ግን አያድነውም። በየወሩ እየነቀነቃችሁ ፈትሹ።

ለ/ በቋሚዎቹ ላይ ሁለት ማገር እሰሩ። አንዱ ከመሬት ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ሌላው ደግሞ በላይኛው ጫፍ ይሁን።

ሐ/ የእሾህ ቅርንጫፉን ስትደረድሩ የተቆረጠው ወፍራም ጫፍ ወደ ውስጥ፣ እሾሃማው ቅርንጫፍ ወደ ውጭ ይሁን። ብዙ ሰው ለእጁ ስለሚመቸው ገልብጦ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ፍየሏ የምታገኘው እሾህ ሳይሆን መያዣ ነው፤ ጎትታ ታፈርሰዋለች።

መ/ የመጀመሪያውን ድርድር ቦዩ ውስጥ አስገብታችሁ አፈር መልሱበትና ድንጋይ ጫኑበት። ከመሬቱና ከአጥሩ መካከል ከአንድ ጭብጥ፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ክፍተት አይኑር። ግልገል በጠባብ ቀዳዳ ይገባል፤ ግልገል ከገባ እናቱ ተከትላ አጥሩን ትገፋለች።

ሠ/ በር ሥሩ። ይህን ደግመን እንናገራለን፤ በር ሥሩ። የአጥር ድካም ያለው በሩ ላይ ነው። የተጠፈጠፈ የዘይት ቆርቆሮ በሁለት እንጨት ላይ በምስማር ተመትቶ በቆዳ ወይም በጎማ ማጠፊያ ቢታሠር ጥሩ በር ይሆናል። በሩ ራሱ እንዲዘጋ ከፈለጋችሁ፣ በገመድ ድንጋይ አንጠልጥላችሁ በቋሚው ላይ አሳልፉት፤ ሰው ሲገባ ድንጋዩ ይነሣል፣ ሰውየው ሲለቀው ድንጋዩ ወርዶ በሩን ይስበዋል። እኛ አሁን ያለን በር እንዲህ ያለ ነው። የሠሩትም የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው።

3ኛ/ እሾሁ ከየት ይመጣል?

ይህ ጥያቄ ከአጥሩ አሠራር የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ካኩማ ካምፕ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ የቱርካና ሕዝብ ግን ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን በዚህ ምድር ሲኖር ኖሯል። በረሃ መስሎ የሚታየን ሜዳ ለእነሱ ባለቤት ያለው ነው። በተለይ በወንዝ ዳር የሚበቅሉት ትላልቅ ግራሮች በቱርካና ልማድ በየቤተሰቡ የሚጠበቁ ናቸው፤ ይህን መብት ኤክዋር ይሉታል። የግራሩ ፍሬ በድርቅ ወራት ለፍየሎቹ ቀለብ ነው። ስለዚህ ከታራች ወንዝ ዳር ሄዶ ግራር ቆርጦ አጥር የሚያጥር ሰው፣ ፍየሏን ከጓሮው እያባረረ ምግቧንም ከጫካው እየቆረጠ ነው። ፍየሏ ታዲያ ወዴት ትሂድ? ወደዚያው ጓሮ ትመለሳለች። ከካምፕ ውጭ እንጨት መቁረጥም ከጥንት ጀምሮ የጠብ ምንጭ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

በዚህ ፈንታ ልንጠቀምበት የሚገባን እሾህ ፕሮሶፒስ ነው፤ በኬንያ ማቴንጌ ይሉታል። ይህ ዛፍ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ሲሆን በአገራችንም በአዋሽ ሸለቆ፣ በአፋር ምድር ተስፋፍቶ የግጦሹን መሬት የያዘው እሱው ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እሾሁ ጠንካራ ነው፤ ቅጠሉን ፍየል እምብዛም አትወደውም። ለአጥር ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ሦስት ጥንቃቄዎች ግን አሉት።

ሀ/ ፍሬውን ሁሉ ከቅርንጫፉ ላይ አራግፉ። የፕሮሶፒስ ፍሬ ጣፋጭ ስለሆነ ፍየሎችን ወደ አጥራችሁ ይጠራል። ፍሬው የበዛበት ቀለብ ጥርሳቸውን ይጎዳል፤ በኬንያ በባሪንጎ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ስለዚህ ዛፍ መንግሥትን ከሰው ሲከራከሩ፣ ጥርሷ የረገፈ ፍየል ለማስረጃ ይዘው ናይሮቢ ፍርድ ቤት ቀርበው ነበር። ከዚህም ሌላ ዘሩ በፍየል ሆድ ውስጥ አልፎ በበጠጧ ይበቅላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መደባችሁ በጎመን ፈንታ ፕሮሶፒስ ያበቅልላችኋል።

ለ/ እሾሁ የነጠላ ጫማን ሶል ይበሳል። የወጋው ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና አጥቦ ወደ ክሊኒክ ይሂድ፤ ስለ ቴታነስ ክትባትም ይጠይቅ። ሕፃናት በሚጫወቱበት በኩል የወደቀ እሾህ በየቀኑ ይጠረግ።

ሐ/ በነጻ የሚገኝ ቢመስልም ከቱርካና ጎረቤት ብትገዙት ይሻላል። ስለዚህ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

4ኛ/ በጋራ ማጠር (የሒሳብ ትምህርት)

አሁን ተማሪዎች እርሳስ ያንሡ። አንድ ቤተሰብ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ጓሮ አለው እንበል። ዙሪያው ስንት ነው? 6 እና 4 ሲደመር 10፤ በ2 ሲባዛ 20 ሜትር ይሆናል። አራት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው እንዲህ ያለ ጓሮ ቢኖራቸውና ለየብቻ ቢያጥሩ፣ 4 ጊዜ 20 ሜትር 80 ሜትር አጥር ያስፈልጋቸዋል።

እነዚህ አራት ጓሮዎች ጎን ለጎን፣ ሁለቱ በፊት ሁለቱ በኋላ ሆነው ቢገጣጠሙስ? ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር ይሆናል። 12 እና 8 ሲደመር 20፤ በ2 ሲባዛ 40 ሜትር። መሬቱ ያው ነው፤ አንድም መደብ አልቀነሰም፤ አጥሩ ግን በግማሽ ቀነሰ። በአራት በር ፈንታ አንድ በር ይበቃል። የሚጠብቀውም ሰው ከአራት ቤት በተራ ይወጣል።

ይህን ሒሳብ በክፍል ውስጥ ስንሠራ አንዲት ተማሪ «እንግዲያስ ለምን ሁሉም ሰው አብሮ አያጥርም?» ብላ ጠየቀች። መልሱ ከሒሳብ ውጭ ነው። አብሮ ለማጠር ጎረቤታሞቹ ቀድመው መነጋገር አለባቸው፤ በአንድ ብሎክ ውስጥ ደግሞ ኢትዮጵያዊው፣ ሶማሊያዊው፣ ደቡብ ሱዳናዊውና ኮንጎአዊው ጎን ለጎን የሚኖርበት ጊዜ አለ። ቋንቋ ባይገጥም ገመድ ይዞ መለካት ይቻላል። እኛ የጀመርነው በገመድ ነው።

5ኛ/ በቂ እሾህ ለሌለው ሰው

ሀ/ የጆንያ መጋረጃ። ያረጁ ጆንያዎችን ቀዶ፣ ሰፍቶ በቋሚዎቹ ላይ መወጠር ይቻላል። ፍየል ውስጡን ካላየች እምብዛም አትታገልም። ዳሩ ግን የተቀደደ ጆንያና ፌስታል ፍየል ታኝካለች፤ ፕላስቲክ ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ የተንጠለጠለ ቁራጭ እንዳይኖር ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ስፉት።

ለ/ የቅንጭብ አጥር። ቅንጭብ በአገራችን የታወቀ ሕያው አጥር ነው፤ በኬንያም ይተከላል። ቁራጩ ሁለትና ሦስት ቀን ጥላ ሥር ደርቆ ቢተከል ያለ ብዙ ውኃ ይጸድቃል፤ ፍየልም አትነካውም። ይሁን እንጂ ነጭ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ እጅግ ያቃጥላል፣ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት አንመክረውም። የተከለ ሰው ሲቆርጥ ዓይኑን ይከልል፤ ወተቱ ከነካውም ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥቦ ወደ ክሊኒክ ይሂድ።

ሐ/ በጠጥ መቀባት። ይህ የገጠር አባቶቻችን ዘዴ ነው። 1 እጅ በጠጥ ወይም እበት ከ2 እጅ ውኃ ጋር በጥብጣችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። በማግሥቱ በጨርቅ ወይም በቅጠል የሽፈራውንና የፓፓያውን ግንድ ቀቡት። ፍየል የራሷን በጠጥ የሚሸት ተክል መብላት ትጠላለች። ሽታው ሲጠፋና ዝናብ ሲያጥበው እንደገና ይቀባል። ለሚበላ ቅጠል፣ ማለትም ለጎመን፣ ለቆስጣና ለሰላጣ ግን ፈጽሞ አይቀባም፤ በሽታ ያመጣል። ከቀባችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

መ/ የአተካከል ቅደም ተከተል። ጠንካራ ሽታ ያላቸውን እንደ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት ያሉትን በዳር፣ ጎመኑንና ቆስጣውን በመካከል ትከሉ። ይህ ያልራባትን ፍየል ያዘናጋል፤ የራባትን ግን አያቆምም። አጥርን አይተካም፤ አጥርን ያግዛል።

ሠ/ የጆንያ እርሻ። ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ በዳዳብና በካኩማ የተለመደው፣ በአፈርና በፍግ በተሞላ ጆንያ ጎን ላይ ቀዳዳ እየበሱ መትከል፣ ቦታ ለሌለው ሰው መልካም ነው። ጆንያው ግን መንገድ ዳር ሳይሆን በሁለት ቤቶች መካከል ወይም በአጥር ግቢ ውስጥ ይቁም። አንድ ጆንያ ለመክበብ ጥቂት እሾህ ይበቃል።

6ኛ/ ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

ድንጋይ መወርወር፣ የፈላ ውኃ መድፋት፣ ውሻ መልቀቅ፣ መርዝ ማስቀመጥ፣ ሚስማር የተመታበት ሳንቃ መዘርጋት፣ በአጥር ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ መሳብ። እነዚህ ሁሉ ከፍየል በፊት የሚያገኙት ሕፃን ሊሆን ይችላል። ፍየልም ብትሆን የአንድ ቤት ሀብት ናት። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) በአፍሪካ ቀንድ 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ስንት መንጋ እንዳለቀ ሁላችንም አይተናል። ለቱርካና ቤተሰብ ፍየል ወተት ናት፣ ጥሎሽ ናት፣ የክፉ ቀን ተቀማጭ ገንዘብም ናት። እኛም ከአገራችን ስንወጣ በረት ውስጥ ትተን የመጣናቸውን ብናስታውስ ይህን ለመረዳት አያዳግተንም።

ፍየል ጓሮ ውስጥ ብታገኙ በሩን ሰፋ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ከኋላዋ በዝግታ ሂዱ፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ወደ በሩ ምሩአት። የምታሯሯጧት ፍየል በሩን ስታ መደቡን ሁሉ ትረግጠዋለች፤ ከበላችው የረገጠችው ይበልጣል።

7ኛ/ ከማጠር በፊት መነጋገር

ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። ፍየሏን ከካስን በኋላ ወደ እናቲቱ ዘንድ ሄደን ሌላ ጥያቄ አቀረብን፤ «ማማ፣ አጥራችንን እንደገና ልናጥር ነው። እሾሁን ከእርስዎ ብንገዛስ?» ብለን። ሳቁ። በማግሥቱ ልጆቻቸው ፍሬው የተራገፈ የፕሮሶፒስ ሸክም አመጡልን። ከዚያ ወዲህ በመካከላችን የቃል ስምምነት አለን። ስምምነቱ አራት ነጥብ ነው።

ሀ/ እሾሁንና ቋሚውን ከእነሱ እንገዛለን፤ ከካምፕ ውጭ ሄደን አንቆርጥም።

ለ/ የጎመን አገዳ፣ የባሚያ ግንድና ያረጀ ቅጠል ሁሉ ለእሳቸው ፍየሎች ይሰጣል። የምንሰጠው ግን ከአጥሩ አጠገብ ሳይሆን እሳቸው ጉረኖ ድረስ ወስደን ነው። ፍየል የምትበላበትን ቦታ ስለምታስታውስ፣ አጥሩ ሥር መስጠት ማለት ወደ አጥሩ መጥራት ነው።

ሐ/ እረኞቻቸው ጠዋትና ማታ መንጋውን በትምህርት ቤቱ በስተጀርባ ይነዳሉ።

መ/ ፍየል ብትገባ እኛ ሳንመታ እናስወጣለን፤ የተበላ ነገር ካለም ሽማግሌ እንጠራለን እንጂ ድንጋይ አናነሣም።

ከስምምነቱ በኋላ አንድ ቀን አንድ ግልገል በአጥሩ ሥር ሾልኮ ገብቶ ነበር። አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ አቅፎ እስከ እናቲቱ ቤት ወሰደው፤ በአንድ ኩባያ ወተት ተመለሰ። ቀዳዳውንም በዚያው ቀን ደፈንነው። ከዚያ ወዲህ ጎመኑ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ለተማሪዎች ተከፋፍሏል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጥሩ አጥር እሾህ፣ በርና ስምምነት ያስፈልገዋል። እሾሁ ያለ በር አይረባም፤ እኛ የከሠርነው በዚህ ነው። እሾሁና በሩ ደግሞ ያለ ስምምነት ዕድሜ የላቸውም። አጥር የሚሠራው ጎረቤትን ለመለየት ሳይሆን ከጎረቤት ጋር ሳይጣሉ ለመኖር ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ለአጋዘን ረጅም አጥር፣ ለፍየል ግን ከታች የጠነከረ አጥር የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

2. የእሾህ ቅርንጫፍ ሲደረደር የተቆረጠው ጫፍ ወዴት መዞር አለበት? ለምን?

3. ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር የሆነ ጓሮ አላቸው። ለየብቻ ቢያጥሩ ስንት ሜትር፣ ጓሮዎቹ በ5 ሜትሩ ጎን ተገጣጥመው በአንድ ላይ ቢያጥሩ ስንት ሜትር አጥር ያስፈልጋል? (መልስ፦ ለየብቻ 32 ሜትር፣ በአንድ ላይ 22 ሜትር።)

4. የፕሮሶፒስ ፍሬ ከቅርንጫፉ ላይ መራገፍ ያለበት በምን በምን ምክንያት ነው?

5. በጠጥ በየትኛው ተክል ላይ ይቀባል? በየትኛውስ አይቀባም?

የቤት ሥራ፦ በዚህ ሳምንት የጓሮአችሁን አጥር ዙሪያውን ተዘዋውራችሁ ጭብጣችሁ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሁሉ ቁጠሩ። ከዚያም በጓሮአችሁ በኩል ፍየል የሚነዳውን እረኛ ስሙን ጠይቁ። ስሙን የምናውቀውን ሰው ፍየል በድንጋይ መምታት ይከብደናል።

በሚቀጥለው እትም የእጥበት ውኃን ለአትክልት ስለ መጠቀም እናቀርባለን። እስከዚያው በሮቻችሁን ዝጉ፤ ደህና ሰንብቱ።